ጉንጭ ላይ የተለጠፈው ዲናር

ደሚራን ሰርቢያ ውስጥ፣ ቭራኜ ላይ ትራምፔት ሲነፋ ኒሽ ከተማ መስታወት ይረግፋል። ይህን የሚለው ራሱ ደሚራን ነው፤ ሦስት ወረዳ ሕዝብ ግን አልካደውም። ከፋሲካ ወዲህ የላይኛው ከንፈሩ ከዳው። ሲበላ ደህና፣ ሲሳደብ ከደህናም በላይ፤ ትራምፔቱን ሲያስጠጋ ብቻ ወደ ግራ ይሸሻል። የእሑዱን ሰርግ ካልነፋ ባንዱን የሚረከበው የሚስቱ ወንድም ፋዲል ነው፤ ፋዲል ደግሞ አንዴ የያዘውን በጉጠትም አይለቅም።

ስለዚህ ኒሽ ወረደ፣ ወይዘሮ ስላቪትሳ ዘንድ። እሷም ድሮ ነፊ ነበረች፤ ከንፈሯ ከድቷት፣ ራሷን አድና፣ አሁን የሌላውን ታሠለጥናለች። ችግሩ የትውልድ መንደሯ ነው፤ የቀንደኛው ተፎካካሪው የሳሊድ አገር! ያን ከሰማ ወዲህ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

«ስልኩ ለምንድን ነው?» አላት ከንፈሩን ስትቀርጽ።

«የሚሸሽበትን ቅጽበት ለማየት።»

«ማን ሊያየው?»

«አንተ ነሃ! ለማን ልሸጠው፣ ለሥጋ ቤት?»

ሳምንት ሙሉ ትራምፔት ከልክላ አየር ብቻ አስነፋችው። ‘ሳሊድ ነው ያስከለከለኝ’ አለ በሆዱ። «ከንፈርህ የማይሸሸው መቼ ነው?» ብላ በየቀኑ ስትጠይቀው አፉን ለጎመ፤ ለጠላት ምስጢር ይሰጣል እንዴ?

ዓርብ ዕለት ገነፈለ። «ሰርግ ላይ ነዋ! ሰካራም አጎት ዲናር በምራቁ አርሶ ግንባሬ ላይ ሊለጥፍ ሲል፣ ስቶ ጉንጬ ላይ ሲለጥፈው! በቃዎት?»

ስላቪትሳ ቁራጭ ወረቀት በውሃ ነክራ ጉንጩ ላይ ለጠፈችበትና ትራምፔቱን መለሰችለት። «በል ንፋ።»

«ይቀልዱብኛል!»

ሊያሳፍራት ነፋ። ወፍራሙ ድምፅ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ከንፈሩ አልተነቃነቀም። ደሚራን መስኮቱን ገልመጥ አደረገ፤ መስታወቱ አለ።

«አልዳንክም፤» አለችው። «ቆዳህ ሲነካ አእምሮህ ከንፈርህን መያዝ ያስታውሳል። ቀስ በቀስ ወረቀቱን እያሳነስን ጨርሰን እንተወዋለን። እሑድ ግን ወፍራሙን ብቻ ንፋ፤ ቀጭኑን ለፋዲል ተውለት።»

«አሃ! የላከሽ ፋዲል ነዋ!» በንዴት አንቱታውን ረሳው።

እሑድ ግን እንግዳ ሳይቀድመው በገዛ እጁ ዲናር ጉንጩ ላይ ለጠፈ። ወፍራሙን ይዞ ሙሽሪትን ከደጇ አወጣት። ፋዲል ቀጭኑን ሲነፋ እንደ በርበሬ ቀላ፤ አምስት ሺህ ሰው ግን የተከተለው ደሚራንን ነው። እሺ፣ አራት መቶ።

ሰኞ ዕለት ቀረጻውን ሊያስጠፋ ኒሽ ተመለሰ። የስላቪትሳ ቤት መተላለፊያ ላይ፣ በሰኔ ሙቀት አፉን በሻርፕ የጠቀለለ ሰው ተቀምጧል። ሳሊድ! ከሻርፑ በላይ፣ ጉንጩ ላይ እርጥብ ወረቀት።

«ጥርሴን ነው፤» አለ ሳሊድ ቶሎ።

«እኔም ጥርሴን።»

ተፋጠጡ። ስላቪትሳ የሁለቱንም ከንፈር ስታይ ከርማ፣ ለአንዱ ስለ ሌላው አልተነፈሰችም። ደሚራን ሁለት ወንበር ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትመጣው?»

«አንተስ?»