ቀስ ብለህ ንዳ ይልሃል

ከስድስት የጎማ ቡሎን አንዱ ሲሰበር፣ የእሱን ሸክም የተካፈሉት አምስቱ እስከ መቼ ይችሉታል? አያትየዋ ከነጋ ጀምሮ ይህን እያሰቡ ግቢውን ይዞራሉ። ልጃቸውን እንዳይጠይቁ፣ ሥራ ላይ ሲሆን ቁጡ ነው፤ የልጅ ልጃቸውን እንዳይጠይቁ፣ እሱ ሁሉን በሳቅ ያልፈዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ሆዳቸው ውስጥ አስቀመጡት። ሆዳቸው ከድሮም ለጭንቀት ቦታ አያጣም።

ፒካፑ በክሪክ ተነስቷል፤ የኋላ ጎማው ወልቆ ግድግዳ ተደግፏል። ልጃቸው መካኒክ ነው። መኪናው ደግሞ የእሱ ልጅ፣ ሰፈሩ "ንፋሱ" እያለ የሚጠራው ሾፌር ንብረት ነው። አባት "ይህን ተጋጭቶ የተጠገነ መኪና እንዳትገዛ" ብሎ ነበር፤ ልጅ ገዛ። ከዚያ ወዲህ እሳትና ጭድ ሆነው፣ በአንድ ግቢ እየኖሩ ቃል አይለዋወጡም። የሚያነጋግሯቸው አያትየዋ ናቸው፤ ጎን ለጎን ቆመው እንኳ።

"እማዬ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቀው በይው።"

"አባትህ የእጅ ፍሬኑን ልቀቀው ይልሃል፣ ንፋሴ።"

"ድሮ ለቅቄዋለሁ፣ ዓይኑን ይግለጥ በይው።"

"ለቅቄዋለሁ፣ አባቴ፣ ይልሃል።"

"አባቴ" የምትለዋ የእሳቸው ጭማሪ ናት። ሁለቱም ጆሮ አላቸው፣ ሰምተዋል፤ ግን በእሳቸው አፍ ካላለፈ እንዳልተባለ ይቆጠራል። እሾሁን እየነቀሉ ቃሉን ማሳለፍ ሥራቸው ከሆነ ከርሟል። ንፋሱ "ቃል አቀባያችን" እያለ ይቀልድባቸዋል።

ልጃቸው የተሰበረውን ጉማጅ በመዶሻ ወደ ኋላ መትቶ አስወጣው። አዲሱን ቡሎን ከኋላ በቀዳዳው ሰደደና ከፊት ለፊት ቀለበት የመሰለውን ሮንዴላ ደራርቦ ዳዶ አሰረበት። ዳዶው በዞረ ቁጥር ቡሎኑ እየተጎተተ ብረቱን ነክሶ ቦታውን ያዘ። ከዚያ ዳዶውን ፈትቶ፣ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ቡሎኖች ላይ በጣቱ ብቻ ሞከረው። ሁለቱም ላይ መሃል ሲደርስ ተቀረቀረ። ፊቱ ጠቆረ። መኪና ክሪክ ላይ ትቶ መሄድ ስለማይወድ ጎማውን መልሶ አስሮ አወረደውና እጁን ሊታጠብ ወደ ቤት ገባ።

አያትየዋ ተከተሉት።

"ለዚያ አህያ ንገሪው" አለ፣ የእጁን ቅባት በሳሙና እያሸ። "ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ቡሎኖች ተስበዋል፤ የተሰበረውን ሸክም ሲሸከሙ ከርመው አልቆላቸዋል። ሁለቱን ገዝቼ እስክመጣ መኪናው ከግቢ እንዳይወጣ። ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ይወልቃል። መሞት ካማረው ብቻውን ይሙት በይው፤ ያቺን እርጉዝ ሚስቱን ይዞ አይደለም!"

አያትየዋ ሲወጡ ሞተሩ ተነስቷል። የንፋሱ ሚስት ከተማው ግርጌ ያለው ክሊኒክ ቀጠሮ አላት፤ ሆዷን ደግፋ ጋቢና ተቀምጣለች።

"ምን አለ ሽማግሌው?" አለ ንፋሱ በመስኮቱ። "መቼም ስሜን አልጠራም። አህያ ነው ያለኝ፣ አይደል?"

መንጋጋው ሲጠብቅ አዩ። አንዴ "አህያ" የምትለዋን እንዳለች አድርሰው፣ ልጁ ነዳጁን ረግጦ በአቧራ መሃል እንደጠፋ፣ ስንት ቀን ውጭ እንዳደረ ትዝ አላቸው። አሁን ደግሞ ያቺ አጠገቡ ናት። በንዴት ከሚበር፣ አሉ በልባቸው፣ ቀዝቅዞ ቢሄድ ይሻላል። እንደ ልማዳቸው እሾሁን ነቀሉ፤ "አህያ" ወጣ፣ "ይሙት" ወጣ። ምን አብሮ እንደወጣ ግን ያኔ አላዩም።

"ቀስ ብለህ ንዳ ይልሃል፣ ልጄ። ዛሬ ባትሄዱስ?"

"አባቴ? ቀስ ብለህ ንዳ አለ?" የንፋሱ ፊት እንደ ልጅ ፈካ። "ፀሐይ በምዕራብ ወጣች በይው! እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው የምነዳው።"

"አታስቢ እማማ፣ ለምሳ እንደርሳለን" አለች ሚስትየው።

"ቆይ፣ ንፋሴ፣ ቆይ እስኪ..." ድምፃቸው ሞተሩ ውስጥ ሰጠመ። መኪናው በሩን ሲያልፍ ከኋላው ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ነገር የሰሙ መሰላቸው። ጆሮዬ ነው አሉ። ልባቸው ግን ጆሮሽ አይደለም አላቸው።

ልጃቸው ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ብቅ አለ። ባዶውን ቦታ አየ።

"አልነገርሽውም?"

"ነግሬዋለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"ቀስ ብለህ ንዳ ይልሃል ብዬ..."

ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ሳሎን ውስጥ፣ ቻርጅ ላይ የተረሳ ስልክ ጮኸ። አያትየዋ ሮጠው ገብተው አነሱት፤ የሚያበራው መስታወት ላይ "አባዬ" ይላል። ያን ሁሉ ጊዜ ስሙን አልለወጠውም። ይዘውለት ሲመለሱ ልጃቸው ለምራቱ እየደወለ ነበር። የእሷ ዝግ ነው።

"በይው የምትለኝ ነገር ካለ..." አሉ፣ አፍ አፉን እያዩ። "እንዳለ አደርሳለሁ። እንዳለ! አንዲት ቃል ሳልቀንስ።"

አላያቸውም። ጎንበስ ብሎ ትልቁን መፍቻ አነሳ፤ ፎጣውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ አንዲት ቃል ሳይሰጣቸው፣ ቁልቁለቱን እየሮጠ ወረደ።