ሁለቱ ሰባ ሁለት

ጎረቤቴ ስትደውል የደንበኛዬን ፀጉር በቢጉዲን እየጠቀለልኩ ነበር። ግማሹ ተጠቅልሏል፣ ግማሹ ገና እርጥብ ነው።

"አባትሽ ወጥተዋል" አለችኝ። "'ሰባ ሁለት ደርሼ እመጣለሁ' ብለውኝ ሄዱ። ቁርሳቸው እንደተከደነ ነው።"

አባዬ ስኳር አለበት። ጠዋት መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ፤ ያን ተወግቶ ሳይበላ በፀሐይ የሚሄድ ሰው የት እንደሚወድቅ አይታወቅም። ለባለቤቴ ደወልኩ። ሹፌር ነው፣ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል ብዬ። "አባዬ ሳይበላ ሰባ ሁለት ሄዷል! ድረስበት!" አልኩና ዘጋሁበት። ደንበኛዬን "መጣሁ" ብያት ከነቢጉዲኗ ጥያት ወጣሁ። እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

የሠራሁትን ጉድ ያወቅሁት እየሮጥኩ ነው። ለእኔ ሰባ ሁለት ማለት የተወለድኩበት ቤት ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ጥገና ሠርቷል፤ ቤታችን በአሮጌው አውራ ጎዳና ላይ "72" የሚል የኪሎ ሜትር ድንጋይ አጠገብ ስለቆመ ሰፈሩም ሌላ ስም የለውም። ትምህርት ቤት እንኳ "የሰባ ሁለቷ" ነበር የምባለው። ለባለቤቴ ግን ሰባ ሁለት የፈጣን መንገዱ ሰሌዳ ነው። አዲሱ መንገድ ጠመዝማዛውን ሁሉ ቆርጦ ስለሚያልፍ፣ የእሱ ሰባ ሁለት ከእኛ ኮረብታ ማዶ ወዲያ ነው። መልሼ ብደውል አያነሳም። "እየነዳሁ ስልክ አላነሳም" የሚለው ወግ የሚያምረው ዛሬ ነው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

የአሮጌው መንገድ የተዘጋው ክፍል ከከተማችን ጫፍ ይጀምራል። መኪና እንዳይገባ የቆለሉበትን አፈር ዘልዬ ገባሁ። አስፋልቱ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ሣር አብቅሏል። ነጩ መስመር ብቅ ይላል፣ መልሶ ይጠፋል። ከነዳጅ ማደያው የቀረው ጣሪያው ብቻ ነው። ጎማ የሚጠገንበት ጎሚስታ ቤት ግድግዳ ላይ "ንፋስ በነጻ" የሚለው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል፤ እውነትም ከዳር እስከ ዳር በነጻ ይነፍሳል። ልጅ ሳለሁ ይህን መንገድ ለመሻገር የእናቴን ቀሚስ እይዝ ነበር። ዛሬ መሐሉን ይዤ "አባዬ!" እያልኩ ስሮጥ ዞር በይ የሚለኝ አንድ መኪና የለም። ከኮረብታው ወዲያ ፈጣን መንገዱ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። ብችል ዝም በል ባልኩት ነበር።

ከጎሚስታው ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በራችን እንደተቆለፈ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባዬ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው። በሩን ደበደብኩ፣ ጓሮውን አየሁ፣ የለም። ዞር ስል ድንጋዩም የለም! በቦታው ትኩስ ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱ የእጅ ጋሪ ጎማ ዱካ ወጥቶ ወደ ኮረብታው ይሄዳል።

ዱካውን ተከትዬ ኮረብታውን ተሻገርኩ። አባዬን ከፈጣን መንገዱ አጥር ሥር አገኘሁት። ጋሪው ተገልብጧል፣ እሱ ድንጋዩን ተደግፎ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።

"ማነሽ?" አለኝ።

እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም። ለእሱ ብዬ ከኪሴ የማልለየውን ከረሜላ አፉ ውስጥ ከተትኩ፣ ደገምኩለት፣ እያለቀስኩም እየተቆጣሁም ላቡን ጠረግሁለት። ቆይቶ ዓይኑ ተመለሰ።

"አንቺ ነሽ እንዴ?"

"እኔ ነኝ! ምን ሆነህ ነው? ድንጋዩ ምን አደረገህ?"

"ሁለት ሰባ ሁለት አይሆንም" አለ። "የእነሱ ሰሌዳ አይነቀልም። የእኛው ይሂድ ብዬ ነው።"

"ለማን ብለህ?"

ድንጋዩን በመዳፉ አሻሸው። "እናትሽን ያመማት ቀን አምቡላንስ የጠራሁት እኔ ነኝ። የት ናችሁ አሉኝ። ሰባ ሁለት አልኩ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። አምቡላንሱ ዘገየ ብለን ያልተራገምነው እርግማን የለም። ለቀስተኛው ፊት "ገዳዮች" ያልኩት እኔ ነኝ። አባዬ ያኔ አቀርቅሮ ዝም አለ። ለካ ሆድ ይፍጀው ብሎ ነው።

ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ነው፤ ድምፁ ለሁለታችንም ይሰማል። "ሰባ ሁለት ላይ ቆሜያለሁ! ማንም የለም! የት ናችሁ?"

አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። "ልክ እንዲህ ነው ያሉኝ" አለ። "እኔ በሩ ላይ ቆሜ ውሸታሞች ብዬ ሰደብኳቸው።"

"አባዬ፣ ዛሬ እኔም ያንኑ ነው ያልኩት። ሰባ ሁለት። ሌላ ስም ከአፌ አልወጣም።"

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

"ልጄ፣ በመውጫው ዙረህ ተመለስ። ኮረብታው ሥር፣ አጥሩ የተቀደደበት ጋ ነን። ሻርፗን ታውለበልብልሃለች። ቁጥሩን ተወው። ቀስ ብለህ ንዳ፣ ደህና ነኝ።"

"እሺ አባባ፣ መጣሁ" አለና ዘጋ።

ተነስቼ ሻርፔን ፈታሁ። አባዬ ግን የተዘጋውን ስልክ ከጆሮው አላወረደም። ጠጋ ብዬ አዳመጥኩት።

"አሮጌው መንገድ" ይላል፣ አንድ በአንድ እያስረዳ። "ከጎሚስታው ቀጥሎ። ሰማያዊ በር። እባካችሁ ቶሎ ኑ።"