እሌኒና የምርምር ቤቱ ብልቃጥ

እህቴ፣ እስቲ አረፍ በይና የእሌኒን ነገር ላጫውትሽ።

እሌኒ ቤቷ ስማዳ፣ ከወገዳ ወረድ ብሎ ነው። ማሬን ካገባች ወዲህ እግዜር ልጅ አልሰጣትም። ያልተጠመቀችበት ጠበል የለም። ለማርያምም የታቦት ጥላ፣ ድባብ ተስላለች። አማቷ እማማ አስካለ ግን «ልጄ ያለ ዘር አይቀርም፤ ጥምቀት ይለፍና ሌላ አጭለታለሁ» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል።

ወንድሟ አወቀ ከተማ፣ ምርምር ቤት ነው የሚሠራ። አንጀቱ አልችል ብሎት አንዲት ብልቃጥ ደብቆ ይዞላት መጣ።

«ምንድን ነው?»

«ሆርሞን ይሉታል። ከነፍሰ ጡር ሴቶች ሽንት አጣርተው ያወጡት ነው፤ እንቁላል ያወርዳል። ግን እት ዓለም፣ ለምርምር እንጂ ለሰው አይሰጥ ይላል ጽሑፉ።»

«እኔን ማን ከሰው ቆጠረኝና! ውጋኝ፣ አትፍራ።»

ወጋትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሳምንት ሳይሞላ ወገዳ ሄዳ የሽንት መመርመሪያ ገዛች። ሁለት ቀይ መስመር አወጣላት! ማሬ መሬት ሳመ። ስለት የሚገባው ልጅ ታቅፎ ነው፤ እሷ ግን ደስታው አላስችል አላት። ድባቡን ገዝታ ለኅዳር ጽዮን ተነሳች። እማማ አስካለ ጎረቤቱን አስከትለው ከፊት ከፊት እልል ይላሉ።

መንገድ ላይ አወቀ ደወለ።

«እት ዓለም፣ አርግዛለች አሉኝ። መቼ ነው የተመረመርሽው?»

«በወጋኸኝ በሳምንቱ ውስጥ ነዋ።»

«መመርመሪያው ያየው የወጋሁሽን ሆርሞን ነው። እርግዝናው የነዚያ ሴቶች ነው፣ ያንቺ አይደለም።»

«አፍህን ይያዘው!» ብላ ዘጋችበት።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ስትደርስ ግን ወገቧን ቆረጣት፤ ደሟ ወረደ።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» አሉ እማማ አስካለ።

«አልገባም፣ እማማ። መጣብኝ።»

አማቷ እልልታቸው አፋቸው ላይ ደረቀ። «እመቤታችንንም ዋሸሻት?» አሏት።

ማሬ ቀና ብሎ ሳያያት ድባቡን ተቀብሏት ገባ። እሌኒ ከአጥሩ ውጭ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ቁጭ አለች። ከውስጥ የሆነውን ያላወቀው ካህን «እመቤታችን ልጅ ለሰጠቻት ለእሌኒ እልል በሉ!» ሲል፣ የአገሩ ሴት ሁሉ እልል ሲል ሰማች። ገብታ እንዳታለቅስ እንኳ ደጁ ተከልክላለች።

አደራሽን፣ ኪዳን ስታደርሽ በክርስትና ስሟ «ወለተ ኪሮስ» ብለሽ አስቢያት።