የሰዓት ሠሪው እንግዳ

"ሰው አረም መሐል አናስቀምጥም" አለች የሟቹ ታላቅ እህት፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች። "ልንቀለውና ወንበር ይደርደር።"

ከጓሮው ግድግዳ ሥር የቀረው አንድ ተክል ነበር፤ ግንዱ ባለ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ነጭ ጠጉር የለበሰ።

"እሱ እንኳ ይቆይ፣ እትዬ" አለች የሟቹ ሚስት።

"ለማን ብሎ? የሚጠብቀው ሄደ።"

ባሏ ትመጣለች ያላትን እንግዳ አውቆ ይሁን ተመኝቶ የጠበቀው፣ ሚስቱም አታውቅም። ተክሉ ዛሬ ከተነቀለ ደግሞ መቼም አታውቅም።

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነበር። ለግድግዳው አሸዋ ከተራገፈ በኋላ ተክሉ ሲበቅል፣ አጉልቶ የሚያሳየውን የሥራ መነጽሩን በአንድ ዓይኑ ሰክቶ ተንበረከከ። ቅጠሉን አሽቶ አሸተተ።

"የዚህ ሰፈር አይደለም። ከአሸዋው ጋር የመጣ ነው።"

"እንግዲያማ ሸኘው" አለች ሚስቱ።

"ብቻውን አይመጣም። ልጆቿን በዚህ ቅጠል ብቻ የምታሳድግ የእሳት እራት አለች፤ ሽታውን ተከትላ ትደርሳለች። ክንፏ ሲዘጋ አመድ ነው፤ ሲከፈት ፍም።"

"የሰው ሰዓት ታቃናለህ፤ እንግዳህ ግን ቀጠሮ አታውቅም።"

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ከአምፖሉ ሥር ነጭ አንሶላ ይሰቅላል። ቡናማዋም ነቁጣማዋም ትመጣለች፤ በመነጽሩ አይቶ በየስሟ ይጠራትና "አንቺ አይደለሽም" ብሎ ያሰናብታታል። አልጋ ከያዘ በኋላ አንሶላውን የምትሰቅለው ሚስቱ ሆነች። ጠዋት ጠዋት፣ ከትራሱ ቀና ሳይል ይጠይቃታል።

"መጣች?"

"ነገ" ትለዋለች።

አሁን እህትየው ጎንበስ ብላ ግንዱን ጨበጠች። ከቅጠሉ ጀርባ አመድ የመሰለ ነገር ተላወሰ።

"የእሳት እራት ናት፤ የትም የሞላች" አለች።

ሚስቱ ከቀብሩ ወዲህ ከኪሷ ያልተለየውን መነጽር አውጥታ ዓይኗ ላይ ሰካችው። አመድ ያሉት አመድ አልነበረም፤ ቅርፊት በቅርፊት ላይ እንደ ቤት ክዳን ተነባብሮ፣ አንዱ እንኳ ከመስመሩ አልወጣም። ባሏ በአንድ ዓይኑ ሲያይ የኖረው ዓለም ይህን ያህል ሰፊ ነበር። ሳታስበው ትንፋሿ ክንፉን ነካው።

ክንፉ ተከፈተ። ፍም።

እህትየው የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ እንደምትጠነቀቅ ሁሉ እጇን ከግንዱ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች። "ወንድሜ..." አለች።

"መጣች" አለች ሚስቱ፣ ወደ ባዶው መኝታ ቤት መስኮት ቀና ብላ።

ለቀስተኛ መግባት ሲጀምር፣ የባሏን የሥራ በርጩማ አምጥታ ከተክሉ ፊት አቆመችው።

"እዚህ ልቀመጥ፣ እህቴ?" አለ አንድ ጎረቤት።

"የእሱ ቦታ ነው" ብላ ጥቁር ሻሿን ፈታች፤ አጥፋም በርጩማው ላይ አኖረችው።