ከመስታወቱ ኋላ የቆመው ወታደር

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል በቀበሌያችን አዳራሽ የብርሃን ኤግዚቢሽን ይዘጋጅ ተባለ። ሥራው ለእኔና አብሬው ፎቶ ቤት ለምሠራው ለአያ ካሣዬ ተሰጠን። ዘጠኝ ቀን ለፋን። መብራቱ በየሰዓቱ ይጠፋል፤ እኛም በጨለማው ተቀምጠን እስኪመጣ እንጠብቃለን። በመጨረሻዎቹ ቀናት መነጋገርም ትተን ነበር።

የፎቶ ቤታችንን የመስኮት መስታወት ነቅለን በትልቅ ሣጥን ውስጥ ገደድ አድርገን አቆምነው። ከኋላው እኔ የሳልኩት የሊማሊሞ ገደል አለ። በጎን፣ ተመልካች በማያየው ቦታ፣ ክንድ የሚያህል የወታደር ፎቶ በጣውላ ላይ ተለጥፏል። ተመልካቹ ከፊት ያለውን ቁልፍ ቀስ አድርጎ ሲያዞር በፎቶው ላይ አምፖል ይበራና ወታደሩ በመስታወቱ ተንጸባርቆ ገደሉ ላይ በአየር የቆመ መስሎ ይመጣል። መልሶ ሲያዞር ይሄዳል። ከላይ «ጀግኖቻችን አብረውን ናቸው» የሚለውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፎቶውንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱ ልጆች የፎቶ ቤታችንን የወታደር ልብስ ለብሰው ለቤተሰብ የሚተዉትን ፎቶ እኛ ዘንድ ይነሡ ነበር። ከእነሱ አንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ ጥላ የለበትም። የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ኤግዚቢሽኑ በተከፈተበት ቀን ጠዋት የሰፈራችን ሰው እትዬ ብርቄ ከጎረቤቷ ከፈንታዬ ጋር መጣች።

«እስቲ ይኼን ጋኔን እኔም ልጥራው» አለችና ቁልፉን አዞረች።

ሳቋ ቆመ። መልሳ አጠፋችው። እንደገና አበራችው።

«አስማረ ነው» አለች። «ልጄ ነው። ፈንታዬ፣ ከላይ ምን ይላል?»

ፈንታዬ አነበበችላት።

በአገራችን መርዶ ጎህ ሲቀድ በሽማግሌ ነው የሚነገረው። ስለ ዘማቾቹ ግን ሽማግሌም ደብዳቤም አይመጣም ነበር። እትዬ ብርቄ መንግሥት አሁን መርዶን በመብራት መናገር ጀመረ ብላ አሰበች። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ደመቀ ጠጋ ብሎ ነገሩን አባሰው።

«ይኩሩ፣ እናቴ። የጀግና እናት ነዎት።»

እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አወለቀችና ጥለቱን ለሐዘን ወደ ላይ ማዞር ጀመረች። እኔ በሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። አያ ካሣዬን አየሁት፤ ደክሞት ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«እትዬ» አልኩ። «ስለ ልጅዎ የሰማነው ነገር የለም። ፎቶውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሸጋ ሆኖ ቢወጣልኝ ነው።»

«ምነው አስቀድመህ አትጠይቀኝም ነበር?»

«አላሰብኩም።»

«በሕይወት አለ?»

«አላውቅም፣ እትዬ። ሞተ ያለ ግን የለም።»

የነጠላዋን ጥለት ወደ ታች መልሳ ለበሰችው።

«ፎቶውን ከዚያ አውጣልኝ። ሰፈሩ አይቶ እንዳያለቅስብኝ።»

ጓድ ደመቀ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «እስከ ቀትር ሌላ ፊት ካልቆመ ተጠያቂው አንተ ነህ» አለኝ።

ፎቶ ቤት ሄጄ የድሮ ፎቶዎች ያሉበትን ሣጥን ገለበጥኩ። ያየሁት ፎቶ ሁሉ ከኋላው እናት አለችው። በመጨረሻ አያ ካሣዬ መብራት ሊሞክር ያንኑ የወታደር ልብስ አልብሶ ያነሣኝን የራሴን ፎቶ አገኘሁ። እናቴ ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው። አያ ካሣዬ ተከትሎኝ መጥቶ አሳድጎ አጠበልኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ቁልፉን እያዞረ ሲያመጣኝና ሲመልሰኝ የአምፖሉን ሽቦ ይዤ ከጎን ቆምኩ። ማንም አላወቀኝም።

በመጨረሻው ቀን እትዬ ብርቄ ብቻዋን መጣች። አዞረች፤ አየችኝ፤ ወደ ቆምኩበትም ዘወር አለች።

«ምነው ልጄ፣ አንተስ የሚደነግጥልህ ሰው የለህም?»

መብራቱን ሳታጠፋው ሄደች፤ እኔም እስኪዘጋ ድረስ እንደበራ ተውኩት።