አረፋ የማያወጣው ጠላቂ

ዘሩባቤል ጅቡቲ ውስጥ ለዓመታት ባሕር ጠላቂ ሆኖ ሠርቶ ወደ አምቦ ሲመለስ፣ ሚስቱ ሮዳስ ሥራው እዚያው የቀረ መስሏት ነበር። እሱ ግን ከጊንጪ ወዲያ ያለውን የደንዲን ሐይቅ አይቶ መጣና «ለጎብኚዎች መጥለቂያ ይሆናል» አለ።

አልተቃወመችም። ቅዳሜ ቅዳሜ አብራው እየሄደች ዳር ተቀምጣ ውሃውን ታይ ነበር። እሱ ታች ሆኖ በተነፈሰ ቁጥር አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አረፋው ወደ ግራ ከሄደ ባሏ ወደ ግራ ሄዷል ማለት ነው።

አምና ሪብሪዘር የሚሉትን መሣሪያ ገዛ። ድሮ ወታደሮችና ፊልም አንሺዎች ብቻ የሚይዙት ውድ ዕቃ ነበር፤ ይሄኛው አዲሱ ግን ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው እንዲገዛው ተብሎ የተሠራ ነው። ጠላቂው የተነፈሰው አየር ወደ ውሃው አይወጣም፤ ተጣርቶ፣ ኦክስጅን ተጨምሮበት፣ ተመልሶ ይተነፈሳል።

ሳሎን ወለል ላይ ፈታትቶ ሲያሳያት፣ ማጣሪያው ውስጥ የሚሞላውን ነጭ ፍሬ አንስታ አገላበጠችው። ሮዳስ ሆስፒታል ውስጥ የማደንዘዣ ባለሙያ ናት።

«ይሄማ እኛ ሶዳላይም የምንለው ነው! ኦፕሬሽን ክፍል ማሽናችን ላይ ያለው።»

«እሱው ነው። የተቃጠለውን አየር ይይዛል።»

«አቅሙ ሲያልቅስ?»

«ሁሌ ከመግባቴ በፊት እቀይረዋለሁ። ማስጠንቀቂያም አለው።»

«የኛም አለው። እኔ ግን ከበሽተኛዬ ላይ ዓይኔን አልነቅልም።»

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት ደንዲ ላይ የአካባቢው ቀዛፊ በሆኑት በሽማግሌው በኦቦ ጉርሙ ጀልባ ገቡ። ዘሩባቤል ጠለቀ፤ ውሃው በላዩ ተከደነ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሮዳስ አረፋ እንደማይኖር ታውቃለች። ቢሆንም ዓይኗ ይፈልጋል።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ ሰውየው?» አሉ ኦቦ ጉርሙ።

«ምንም አልሆነም። እንዲህ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ስሙን ጠራች። ከዚያ ጮኸች። ሽማግሌው ወደ ገባበት ቦታ ሲቀዝፉ፣ እሱ ከኋላቸው ራቅ ብሎ ብቅ አለ። ፊቱ በርቷል።

በመኪና ወደ አምቦ መመለስ ጀመሩ።

«ጅቡቲ ሳለህ የምሰማው ድምፅህን ብቻ ነበር» አለች ሮዳስ። «እዚህ ስትመጣ ትንፋሽህን ማየት ለመድኩ። አሁን እሱንም ወሰድክብኝ።»

ዘሩባቤል መኪናውን ቀስ አደረገ። «አረፋ ካለ እኮ ሁሉም ይሸሻል፣ ሮዲ። ዛሬ ዳክዬ አጠገቤ ጠለቀች። የራሴን ልብ ሰማሁ። ስንት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ይሄንን ነው።»

አመነችው። የከበዳትም ይኸው ማመኗ ነው።

በሳምንቱ ቀጭን ረጅም ገመድ ይዛ መጣች። ይጎትተኛል፣ ይጠላለፍብኛል ብሎ ተከራከረ፤ በኋላ ግን አንዱን ጫፍ ያዘ፣ ሌላው በእሷ እጅ ቀረ። አንድ ጊዜ ስትስብ «አለህ?» ማለት ነው፤ እሱ ሁለት ጊዜ ይመልሳል። ያን ቀን ደጋግማ እየሳበች እረፍት ነሳችው። ወጥቶ «ዓሣ አስመሰልሽኝ እኮ!» ሲላት ኦቦ ጉርሙ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲህ መታገስን ለመደች። ገመዱን ሳትስብ በምትቆይበት መሃል ተራራውን፣ የኦቦ ጉርሙን ጨዋታ ልብ ማለት ጀመረች።

አንድ ቅዳሜ ገመዱ ሦስት ጊዜ ተሳበ። እንዲህ የሚል ስምምነት አልነበራቸውም። ደንግጣ አንድ ጊዜ ሳበች፤ ሁለት ተመለሰላት። ደህና ነው። ጥቂት ቆይቶ ራሱ ወጣ።

«ሦስቱ ምንድን ነው?» አለች ተቆጥታ።

«ነይ ማለት ነው።»

«እኔ መዋኘት እንኳ መች ችዬ!»

ይህን ብትልም ሰኞ ከሥራ ስትወጣ አምቦ መዋኛ ገንዳ ሄዳ ተመዘገበች። አሁን ፊቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ትንፋሿን በአፍንጫዋ መልቀቅ እየተለማመደች ነው።