ለመጽሐፉ የመጡ ሽማግሌዎች

ያምሮት ሀብተሚካኤል የሠርግ ጥሪ ስታትም ነው ያደገችው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው ማተሚያ ቤቷ ሳያልፍ የተዳረ ሰው በከተማው ቢፈለግ አይገኝም። ለመጽሐፍ ሽማግሌ ሲላክ ግን፣ እንኳን ልታይ ሰምታም አታውቅም። ስለዚህ ጋሼ ባምላኩ በስልክ ነገሩን ሲያነሱባት የቀለዱ መስሏት ከት ብላ ሳቀች።

«አትሳቂ!» አሏት። «መጽሐፌን የፈለገ ሽማግሌ ይላክ። እኔ ልጄን በስልክ የምሰጥ ሰው አይደለሁም።»

ጋሼ ባምላኩ ቡሬ የሚኖሩ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ኩራታቸውን ያስተማሯቸው ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል፤ ጠመኔ ከእጃቸው ቢወድቅ እንኳ አያጎነብሱም ይባልላቸው ነበር። ጡረታ ሲወጡ «ከላህ ማዶ» የሚል የተረት መጽሐፍ ጻፉ። ክረምት ላህ ወንዝ ሞልቶ ሰው ከሰው ሲለያይ፣ በዚህና በዚያ ማዶ የቆሙ ሰዎች እየተጣሩ የሚያወሩት ወሬ ነው። ረቂቁን ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። አንዱ አሳታሚ «የገጠር ወሬ ማን ይገዛል?» አላቸው። ሌላው ሳያነበው መለሰላቸው። ሲመለሱ መናኸሪያው ፊት ለፊት የቡሬ መኪና እየጠበቁ ነበር፤ ያምሮት አየቻቸውና ወንበር አወጣችላቸው። ረቂቁን ለምና ተቀበለች፤ ቆማ ጀምራ ተቀምጣ ጨረሰችው።

«ጋሼ፣ እኔ አትመዋለሁ» አለቻቸው።

በምን ልታትመው ነው? በአባቷ ማሽን ነዋ! አባቷ ሀብተሚካኤል ያን አሮጌ ሃይደልበርግ ማተሚያ ሲያንቀሳቅሱት ኖረው ነው የሞቱት። የሙሽራ ስም፣ የሟች ስም፣ የማኅበር ስም፣ የሱቅ ስም፤ የአገሩን ስም ሁሉ አትመዋል። «የእኔ ስም የሚታተመው የሙት ዓመት ካርዴ ላይ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እውነታቸውን ነው። ካርዱን ያተመችው ራሷ ያምሮት ናት፤ ያን ቀን ማሽኑ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ቀለሙ ፊቷን ሁሉ አጥቁሮት ነበር።

«ከላህ ማዶ» ወጣ፤ ወጥቶም አለቀ። ከቡሬ እስከ ሊበን መምህራኑ ለተማሪ አነበቡት። አንዱን ቅጂ ባሕር ዳር የመጣች ጀርመናዊት አጥኚ ይዛው አገሯ ገባች። ከዚያ ሀምቡርግ ያለ አንድ አሳታሚ ድርጅት አስተርጉሞ ሰማውና ወደደው፤ ክላራ የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛም ያምሮትን ፈልጋ አገኘቻት። ያምሮት ደስታዋን የምታደርስበት አጣች። የፍኖተ ሰላም መጽሐፍ ጀርመን ሊገባ!

ችግሩ ውሉ ነው። «መጽሐፉን በዓለም ቋንቋዎች ሁሉ የማሳተም መብት» ይላል፤ አማርኛም እዚያው ውስጥ አለበት። ይህ ከተፈረመ ያምሮት «ከላህ ማዶ»ን ዳግመኛ ማተም አትችልም። አማርኛውም ባሕር ማዶ ታትሞ በመርከብ ይመጣል ማለት ነው።

እምቢ እንዳትል ደግሞ ዘመኑ ተገልብጧል። ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ወረቀት የሚነካ አልሆነም፤ አስመጪው ጠዋት የተናገረውን ዋጋ ከሰዓት ይክደዋል። አንባቢው «መቼ ይደገማል?» እያለ ይጨቀጭቃታል፤ የእሷ መጋዘን ግን ባዶውን አቧራ ይጠጣል። ይህንኑም ሳትደብቅ ለክላራ ነግራታለች። እና ምን ይዛ ትከራከር? አማርኛውን ልቀቁልኝ ብትል ሁሉንም ቢተዉትስ? ስለዚህ አፏን ዘግታ ልትቀመጥ ቆረጠች። ለጋሼ ባምላኩ ግን ውሉን አንድም ሳታስቀር ተርጉማ አነበበችላቸው። እሳቸው ሰምተው ሰምተው ያሉት ያንኑ ነው። ሽማግሌ ይላኩ!

ክላራ አዲስ አበባ ለመጽሐፍ አውደ ርዕይ መጥታ ነበር። «ቤተሰቡን ማግኘት ባህል ከሆነ ደስ ይለኛል» አለችና በባሕር ዳር አድርጋ ቡሬ ገባች። ጀርመኖቹ ቡሬ ውስጥ ዘመድ የላቸውም፤ ሽማግሌ መፈለጉም በያምሮት ላይ ወደቀ። የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ያህያ፣ መሪጌታ ክንፈሚካኤልና ከሽንዲ የመጡት ገበሬ አያ ዘሩ እሺ አሏት።

«የሙሽራው ወገን ማን ነው?» አሉ ሐጂ።

«የጀርመን ድርጅት ነው፣ ሐጂ።»

«ጠባዩስ እንዴት ነው? ይጠጣል?»

«ኧረ ሐጂ፣ በሞቴ አያስቁኝ!»

«እንጠይቃለን እንጂ! ዋስ የምንሆነው ለማናውቀው ሰው ነው።»

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። የጋሼ ባምላኩ ሳሎን ተጠርጎ ወንበሩ ተደርድሯል። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ «ተቀመጡ» አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ክላራ ግን «አመሰግናለሁ» ብላ ከሁሉም የሚመቸው ሶፋ ላይ ዘፍ አለች። ሐጂ ያህያ ወደ ያምሮት ጠጋ ብለው «ሙሽራው ተቀመጠኮ!» አሉ። ያምሮት ጠቀሰቻት፤ ክላራም ፊቷ ቀልቶ ብድግ አለች።

መሪጌታ ነገር ማሳመር ያውቁበታል። «ክቡር መምህር፣ ከእናንተ ቤት አንዲት ልጅ አለች ሲባል ሰምተን መጥተናል። እኛም ባሕር ማዶ ቤቱን ያደራጀ፣ ልጅ የሚያከብር፣ ስሟን በብዙ አገር የሚያስጠራ ወገን አለን። ልጃችሁን ስጡን» አሉ።

ጋሼ ባምላኩ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ሰሙ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«የምንሰጠው ልጅ የለንም። ልጅቷ ገና ናት። ሂዱ።»

ያምሮት ይህንን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ለወጠችው። «የምሰጠው የለኝም፣ ሂዱ ይላል» አለቻት።

ወይ ጣጣ! ክላራ አመድ መሰለች። ይህን ሁሉ መንገድ ለዚህ ነው ያስመጣችሁኝ እንደማለት አንድ ጊዜ ያምሮትን፣ አንድ ጊዜ ሽማግሌዎቹን አየች፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። የመጀመሪያው ቀን እምቢታ ወግ መሆኑን ቡሬ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ልጁን በአንድ ቃል የሚሰጥ ሰው ልጁን ንቋል ነው የሚባለው። ይህን የሚያህል ነገር ታዲያ ለሴትዮዋ ማን ነገራት? ማንም! ለማስረዳት ያሰበም የለም። ያምሮት ጭንቅላቷን ይዛ ቀረች። ጋሼ ባምላኩም ቢሆኑ ከወንበራቸው ጫፍ ደርሰዋል፤ ኩራታቸው ነው እንጂ ተነስተው ሊሮጡ ምንም አልቀራቸው።

የሮጡት ሐጂ ያህያ ናቸው። በሩ ላይ ደረሱባትና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ኖ! ኖ! እምቢ ማለት እሺ ነው!» አሏት። ምኑን ትስማ! ያምሮት ደርሳ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት። ክላራ መጀመሪያ አፏን ከፍታ ሰማች፤ ቀጥላ መሳቅ ጀመረች።

«ታዲያ መቼ ነው የምመለሰው?»

«ደንቡ በሌላ ቀጠሮ ነው፤ በሳምንትም፣ በሁለት ሳምንትም…»

«ነገ እኮ ነው የምበረው!»

ሐጂ ያህያ ጺማቸውን እየጎተቱ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው እስከ አስፋልቱ ሄደን እንመለስ። ሁለተኛ ቀጠሮ ይባልልናል» አሉ።

ሄዱ። ሦስት ሽማግሌና አንዲት ፈረንጅ ተሰልፈው እስከ አስፋልቱ ወረዱ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሥራቸውን ትተው አዩዋቸው። አስፋልቱ ዳር ቆም አሉ፣ መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ዞረው ተመለሱ። ወይዘሮ እናኑም በሩ ላይ ቆመው፣ ገና አሁን እንደሚያዩአቸው ሆነው «እንዴት ሰነበታችሁ?» ብለው ተቀበሏቸው። ክላራ አሁን ከሁሉም በላይ ቀጥ ብላ ቆማለች።

መሪጌታ ቃላቸውን ደገሙ።

«ልጅቷን የወለድኳት እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ባምላኩ። «እናቷ ግን ትጠየቅ። ያለ እናቷ ቃል አልሰጥም።»

ሁሉም ወደ ወይዘሮ እናኑ ዞሩ።

«ኧረ እኔ የለሁበትም!» ብለው ሳቁ ወይዘሮ እናኑ። «እኔ ሲጽፍ ‹ራትህ በረደ› እያልኩ ስጮህበት የኖርኩ ነኝ።»

ጋሼ ባምላኩ ጣታቸውን ወደ ያምሮት ቀሰሩ። «አንቺ፣ ከዚያ ወገን ምን ትሠሪያለሽ? ሁሉም በር ሲዘጋብኝ ልጄን የተቀበልሽልኝ አንቺ አይደለሽም? ነይ፣ ወገንሽ ወዲህ ነው።»

ያምሮት ሰፊም ያልሆነውን ሳሎን አቋርጣ ከጋሼ ባምላኩ ጎን ቆመች። ቀኑን ሙሉ «እሱ እንዲህ ይላል፣ እሷ እንዲህ ትላለች» ስትል ውላለች። አሁን ክላራ እሷኑ ታያለች፣ ሽማግሌዎቹ እሷኑ ያያሉ፣ መደበቂያ የሚሆን «እሱ» የለም። አፏን ብትዘጋ መጽሐፉ ይሄዳል፤ ብትከፍት ምናልባት ሁሉም ነገር እዚህ ይቀራል።

«እኔ» አለች በእንግሊዝኛ፤ ድምጿ ተንቀጠቀጠ። «እኔ እሺ እላለሁ። ጀርመንኛውን ውሰጂ፤ እንግሊዝኛውንም፣ የምትችይውን ቋንቋ ሁሉ ውሰጂ። አማርኛው ግን አይሄድም። አማርኛውን የማትመው እኔ ነኝ፤ ፍኖተ ሰላም።»

ክላራ ግንባሯን ቋጠረች። «ወረቀት እንኳ የለኝም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ። የለኝም። ግን ይኖረኛል!» አሁን ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «በመርከብ መጥቶ በዶላር ተሰልቶ የሚሸጥ መጽሐፍ የሽንዲ ተማሪ አይገዛውም። የተጻፈው ለእሱ ነው። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። ይህችም አትጥልም።»

የተናገረችውን በአማርኛ ደገመችላቸው። «እሰይ! የኔ ልጅ የሚያነበው እኮ እሱን ነው!» ብለው አያ ዘሩ በትራቸውን ወለሉ ላይ አንኳኩ። የሙሽራው ወገን መሆናቸውን ጨርሶ ረስተውታል።

ክላራ ስልኳን ይዛ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጓሮ ወጣች። ከዚያ መዘግየት ነው። የጓሮው ዶሮ ይሰማል፣ የእሷ ድምፅ ግን አይሰማም።

«አበላሸሁት፣ ጋሼ» አለች ያምሮት።

«ቀና በይ!» አሏት። «ብትሄድም ትሂድ። ዛሬ ያልሽውን ሌላ ሰው እንዲልልኝ አልፈልግም።»

ክላራ ገባች። ውሉን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አለቃዬ አንድ ነገር ጠየቀኝ» አለች። «‹አማርኛውን እኛ ለምንድን ነው የፈለግነው?› አለኝ። የምለው አጣሁ። ውላችን ላይ ሁልጊዜም ያለ ነገር ነው፤ ይውጣልን ያለን ሰው ስላልነበረ።» እስክሪብቶዋን አንስታ «ከአማርኛ በስተቀር» ብላ ጨመረችበትና ከጎኑ ፈረመች።

ያምሮት ይህን ወደ አማርኛ መመለስ አቃታት፤ እንባዋ ቀደማት። መተርጎምም አላስፈለገም፤ እልልታው ከወይዘሮ እናኑ ወጥቶ ጎረቤት ደርሷል። ለመሪጌታና ለአያ ዘሩ ጠላ፣ ለሐጂ ብርዝ ቀረበ። ሽማግሌዎቹም እፎይ ብለው ተቀመጡ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ወይዘሮ እናኑ መሐል ገብተው። «መልሱስ? ልጃችን ተሞሽራ ሄዳ ልትቀር ነው? ከባሏ ጋር ተመልሳ ቤተሰቧ ቤት መልስ መብላት አለባት!»

ክላራ ይህም ገባት። ጀርመንኛው ታትሞ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው ፍኖተ ሰላም እንዲሆን ቃሏን ሰጠች።

የመልሱ ዕለት የያምሮት ማተሚያ ቤት በር ላይ ድንኳን ተተከለ። ውስጥ ሃይደልበርጉ እየተንኳኳ ነው፤ አንባቢው አስቀድሞ ባዋጣው ብር በተገዛ ወረቀት «ከላህ ማዶ» ሁለተኛ እትሙ እየወጣ ነበር። ክላራ ካርቶኗን ፈታ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለጋሼ ባምላኩ ሰጠች። እሳቸውም አገላብጠው አዩት፣ ስማቸውን በባዕድ ፊደል አገኙት፣ ከዚያ ለያምሮት አቀበሏት።

«የፊተኛውን ገጽ አንብቢልን።»

ገለጠችው። ከጀርመንኛው ሥር በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። ከውስጥ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ይመጣል።

«የመጽሐፉ አገር ፍኖተ ሰላም ነው» ብላ አነበበች። «በአማርኛ ያሳተመችውና የምታሳትመው፣ ያምሮት…»

ከዚያ ወዲያ ድምጿ እምቢ አላት። መጽሐፉን ወደ ደረቷ አስጠግታ ወደ ማሽኑ ዞረች። አባቷ በቀለም በጠቆረ እጃቸው እዚያ ቆመው፣ የእኔ ስም የሚታተመው የሙት ዓመት ካርዴ ላይ ነው እያሉ የሳቁት ትናንት መሰላት።

ጋሼ ባምላኩ ከወንበራቸው ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠሩበት ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ መንገዱ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጨረሱላት።

«ሀብተሚካኤል!»